ለማይመሳሰሉት ያለብን ዕዳ

በ1974 የጅማ የቡና ተመራማሪዎች በኢሉባቦር፣ መቱ አጠገብ ቢሻሪ በሚባለው አካባቢ ከቆሙት የቡና ዛፎች አንዷን መርጠው ቁጥር ሰጧት፤ 74110። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች፣ ኋላ ከሚጠቀሰው የአዋጅ ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰባ አራቱ የተመረጠችበት ዓመት ነው፤ መቶ አስሩ በዚያ ዓመት ምርጫ የደረሳት ተራ። ከዚያው ከቢሻሪ 74112 እና ሌሎችም ተከተሏት። ዛሬ ዘሯ በጉጂ ከፍታዎች፣ በሲዳማና በጌዴኦ ጓሮዎች ጭምር ይለቀማል። በሩቅ አገር ቡና የሚቆሉ ነጋዴዎች ከኢትዮጵያ ስም ቀጥለው ቁጥሯን ከረጢት ላይ ያትማሉ። የአንዲት ዛፍ ልጆች አገር ሞልተው ባሕር ተሻግረዋል።

ስለ ክሎኒንግ የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከስኮትላንዷ በግ ይነሣል። በጓ ተራዋ ይደርሳል። እኔ ግን ከቢሻሪዋ ዛፍ መነሣት የመረጥሁት፣ አንድን ሕያው ነገር መርጦ ማብዛት ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያሳጣ እኛ አገር ሰው የሚያውቀው በቡና በኩል ስለሆነ ነው። በጓን ያየናት በዜና ነው። ቡናውን ግን እንተክለዋለን፣ እንጠጣዋለን፣ ልጅ እናስተምርበታለን።

ነገሩ የጀመረው በበሽታ ነው። በኬንያ በ1922 የታወቀው፣ ባለሙያዎች ሲቢዲ እያሉ የሚጠሩት የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ፈንገሱ በተለይ የሚያጠቃው ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ ነው። መጀመሪያ ከላይ ጠቆር ያለች፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደች ነጥብ ትታያለች። ነጥቧ እየሰፋች ትሄዳለች፣ ውስጥ ያለው ፍሬ ይበሰብሳል፣ በመጨረሻም እሸቱ ጠቁሮና ተጨማዶ ወይ ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል፣ ወይ ይረግፋል። ዝናብ በበዛበትና ብርድ ባለበት ከፍታ ይብሳል። ዛፉን አይገድለውም፤ ለምለም ሆኖ ይቆማል። የሚሞተው የገበሬው ዓመት ነው። ግብር፣ ልብስ፣ የትምህርት ቤት ደብተር፣ የሠርግና የተዝካር ወጪ ሁሉ ከዚያ ፍሬ ይጠበቅ ነበርና። መድኃኒት መርጨት ይቻል ነበር፣ ዋጋው ግን በትከሻው ቡና ተሸክሞ ገበያ ለሚወጣ ሰው የሚደፈር አልነበረም።

መልኮ ላይ የተቋቋመው የጅማ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። በበሽታው በተመታ ማሳና ጫካ መካከል ጤነኛ ፍሬ ተሸክማ የቆመች ዛፍ መፈለግ። ሲያገኙም ፍሬዋን ለቅመው ችግኝ አፈሉ፤ በለጋው ችግኝ ላይ የፈንገሱን ዘር ሆን ብለው ረጩ፤ የተረፈውን ከወደቀው ለዩ። የቡና ዝርያ ማሻሻል ሃያና ሃያ አምስት ዓመት የሚፈጅ ሥራ ሲሆን፣ እነዚህ ሰዎች በሽታው በገባ አሥር ዓመት ሳይሞላ የሚቋቋም ዘር ለገበሬ አደረሱ። አብዮት በፈነዳበት ዓመት ዛፍ ለዛፍ እየዞሩ ፍሬ ይመረምሩ የነበሩት ሰዎች ለዚህች አገር ያደረጉት ውለታ በቅጡ ተነግሮ አያውቅም እላለሁ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣኝ አንድ ነገር ነው። ያን የመቋቋም አቅም ማንም አልሠራውም። በሽታው ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት በዛፏ ውስጥ ነበረ። በ1960ዎቹ አንድ ሰው ቢሻሪ ላይ ቆሞ «ይህቺ ዛፍ ከጎረቤቷ በምን ትሻላለች?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አልነበረም፤ ምክንያቱም የምትሻልበት ነገር ዋጋ የሚያገኘው ገና ባልመጣ መከራ ነው። መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ተወልዶ፣ ስም ሳይወጣለት፣ ማንም ሳያውቀው ጫካ ጥግ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ሰው መርጦ ሊያበዛ ቢነሣ ኖሮ ምርት የበዛላትን ወይም ፍሬዋ የተለቀውን ዛፍ ነበር የሚመርጠው። 74110ን የምናውቃት ማንም ቀደም ብሎ ሌላዋን መርጦ ጫካውን በእሷ ልጆች ብቻ ስላልሞላው ነው።

ጠንቃቃ አንባቢ «ይህ እኮ በዘር መባዛት እንጂ ክሎኒንግ አይደለም» ይለኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ግን ርቀቱ ከሚመስለው ያንሳል። አረቢካ ቡና በቤተሰቡ ውስጥ ለየት ያለ ፍጥረት ነው። ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው እሱ 44 አለው፤ ከሮቡስታና ዩጂኒዮይደስ ከሚባል ሌላ የቡና ዝርያ መዳቀል የተወለደ ነው። በ2024 የታተመ የዘረመል ጥናት ያ መዳቀል የሆነው ከ600 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ እንደሆነ ይገምታል። የሚበዛውም በአብዛኛው ራሱን በራሱ አዳቅሎ ነው፤ የአበባው ብናኝ ከራሱ አበባ አይርቅም። ስለዚህ ልጅ እናቷን እጅግ ትመስላለች። ትውልድ በተደጋገመ ቁጥር ልዩነቱ ይጠብባል። የ74110 ማሳ፣ በቁም ነገር ካየነው፣ የአንዲት ዛፍ ግልባጭ ለመባል ጥቂት የቀረው ማሳ ነው።

እውነተኛው ክሎኒንግ የሚያስፈልገው ለዲቃላ ነው። በ1998 ከጅማ የወጣው አባቡና ሁለት የተለያዩ ወላጆችን አገናኝቶ የተገኘ ነው፤ ምርታማነቱም ከዚያ መገናኘት የመጣ ነው። ገበሬው ከዲቃላው ላይ ዘር ለቅሞ ቢተክል ግን ልጆቹ ይበታተናሉ፤ አንዱ ወደ አያቱ፣ ሌላው ወደ ሌላኛው አያት ይሄዳል። ያን ዲቃላ እንዳለ ለማብዛት ወይ በእጅ እያዳቀሉ ዘር ማምረት፣ ወይ ቅርንጫፍ ቆርጦ ማጽደቅ፣ ወይም ቲሹ ካልቸር የሚባለውን መንገድ መያዝ ግድ ይላል።

ይህን የመጨረሻውን መንገድ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ለጋ ቅጠል ተቆርጦ በበረኪና ይታጠባል። ጠርዙና የመሃሉ ጅማት ተወግዶ ጥፍር በሚያህል ካሬ ይከተፋል። ቁራጮቹ ስኳር፣ ማዕድንና ሆርሞን ባለበት፣ እንደ ጄሎ በረጋ ምግብ ላይ በጠርሙስ ውስጥ ተቀምጠው ጨለማ ውስጥ ይከርማሉ። ለሳምንታት ምንም የሚታይ ነገር የለም። ከዚያ በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ቢጫ፣ የሚፈረካከስ እብጠት ይወጣል፤ ቅጠልም ሥርም ያልሆነ፣ ምን እንደሚሆን ገና ያልወሰነ ሥጋ። ወራት ይቆጠራሉ። ከእብጠቱ ውስጥ መጀመሪያ ክብ፣ ቀጥሎ ልብ የመሰለ፣ ቀጥሎ ሾል ያለ ነጭ ጽንስ ብቅ ይላል፤ ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴ ይሆናል። አባትና እናት ሳይገናኙ፣ አበባ ሳይፈነዳ፣ ንብ ሳትደርስ ከቅጠል ጽንስ ተወለደ። ከአንዲት ቅጠል ብዙ ሺህ ችግኝ ማውጣት ይቻላል። ይህን ያየ ሰው ሕይወት ምን ያህል ይቅር ባይ እንደሆነች ይገረማል፤ ቅጠል ሆኖ ያረጀውን ሕዋስ እንደገና ከመጀመሪያው እንዲጀምር ትፈቅድለታለች።

ሁልጊዜ ግን አትፈቅድም። በቡና ቅርንጫፍ ማጽደቅ ላይ የሠራ ማንኛውም የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ የሚያውቀው ነገር አለ። ወደ ላይ ከሚያድገው ግንድ የተቆረጠ ቁራጭ ሥር ሰዶ ቀጥ ያለ ዛፍ ይሆናል። ወደ ጎን ከተዘረጋው፣ ፍሬ ከሚሸከመው ቅርንጫፍ የተቆረጠው ግን ሥር ቢሰድም ወደ ጎን ይዘረጋል እንጂ ዛፍ ሆኖ አይቆምም። የሁለቱ ዘረመል አንድ ነው፤ ከአንድ ዛፍ፣ ምናልባትም በአንድ ቀን ተቆርጠዋል። ሁለተኛው ቅርንጫፍ ሆኖ መኖሩን አልረሳም። ስለ ዘረመል ብዙ ከተጻፈው ይልቅ ይህ አንድ ቁራጭ እንጨት የበለጠ ያስተማረኝ ይመስለኛል። አንድ ፍጥረት በውስጡ የተጻፈው ብቻ አይደለም፤ የቆመበት ቦታና ያሳለፈው ኑሮም አብሮት ይሄዳል።

የስኮትላንዷ በግ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። በሐምሌ 1996 በሮዝሊን ተቋም የተወለደችው ዶሊ ዓለምን ያስደነቀችው የስድስት ዓመት በግ ጡት ሕዋስ ጡት መሆኑን ረስቶ እንደገና ጽንስ መሆን በመቻሉ ነው። ኢያን ዊልሙትና ኪት ካምቤል እዚያ የደረሱት 277 እንቁላሎችን አዘጋጅተው ነው፤ በሕይወት የተወለደችው አንዷ ብቻ ነበረች። የቀሩት 276 በወሬው ውስጥ ስማቸው አይነሣም። በሳንባ በሽታ የተያዘችው ዶሊ እንዳትሠቃይ ተብሎ በየካቲት 2003 እንድትሞት ተደረገ። በ2001 መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ ሲሲ የተባለች ድመት በክሎኒንግ ስትወለድ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ሕዋስ የሰጠቻት ድመት ብርቱካናማ ቀለም የተቀላቀለባት ነበረች፤ ግልባጯ ግን ብርቱካናማው ቀለም የላትም። የፀጉር ቀለም እንኳ ማኅፀን ውስጥ በሚወሰን ዕድል ይለያያል። የሞተበትን ውሻ ወይም ድመት አስመስሎ ለማስመለስ ገንዘብ የሚከፍል ሰው የሚቀበለው ሌላ እንስሳ ነው፤ የሞተው አልተመለሰም።

ከዚህ ተነሥቼ ሰውን ስለመገልበጥ የማምንበትን ልናገር። ዩኔስኮ በ1997 ባወጣው የሰው ዘረመል መግለጫ ሰውን በክሎኒንግ ማባዛት የሰውን ክብር የሚጻረር ብሎታል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በመጋቢት 2005 በተከፋፈለ ድምፅ ተመሳሳይ መግለጫ አጽድቋል። ድምዳሜውን እቀበላለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠውን ምክንያት ግን አልቀበልም። «ሰው አንድ ነው፤ ሁለት ቢሆን ክብሩ ይረክሳል» ይባላል። መንታ የወለደች እናት ይህን ብትሰማ ምን ትላለች? አንድ ዓይነት መንትዮች በዘረመል ግልባጭ ናቸው፤ ማናቸውም ግን ከሌላው ያነሰ ነፍስ አልተሰጣቸውም። መምሰል ማንንም አያዋርድም። ቅርንጫፉ እንዳስተማረን፣ ሁለት ተመሳሳይ ሕይወት የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም።

ነውሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ አንድን ልጅ ገና ሳይወለድ ምን እንዲሆን እንደተፈለገ ወስኖ፣ ለዚያ ፍላጎት ሲባል ወደ ዓለም ማምጣት። የሞተውን ልጅ እንዲተካ፣ የአባቱን ዝና እንዲደግም፣ ለታመመ ወንድሙ አካል እንዲሰጥ። እንዲህ ያለ ልጅ ኑሮው ገና ሳይጀመር በሌላ ሰው ኑሮ ይለካል። እያንዳንዱ ልጅ የሚወለደው ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ መብቱም እዚያ ላይ ነው። ቀድመን የጠየቅነውን ብቻ እንዲመልስ አድርጎ ማስወለድ ያን መብት መንጠቅ ነው። ወላጅ ልጁን «እንደ እኔ ሐኪም ሁን» እያለ ሲያስጨንቅ በመጠኑ የሚያደርገውን፣ ክሎኒንግ በሥጋው ውስጥ ጽፎ ያደርገዋል።

ዛፍ መብት አለው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ቀድሞ በታወቀ ፍላጎት ብቻ መምረጥ የሚያመጣው ጉዳት በዛፍም በሰውም አንድ ዓይነት መልክ አለው።

ይህን ስል የድሮው ሰው አይገለብጥም ነበር ማለቴ አይደለም። በኢሉባቦር ጓሮ ያለው ጎደሬ ከዓመት ዓመት የሚተከለው ከሥሩ ነው፤ አያት የበላችውን ያንኑ ተክል የልጅ ልጅ ይበላል። እንሰትም እንዲሁ ነው። የእናቲቱ ጉጥ መሃሉ ተጎድቶ ሲቀበር በዙሪያው ብዙ ቡቃያ ያወጣል፤ ሁሉም የእናቲቱ ግልባጭ ነው። ክሎኒንግ ለዚህ አገር ከዶሊ በፊት ሺህ ዓመታት ያህል የቆየ ሙያ ነው፤ በሙያውም ሴቶች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን አንድ ጓሮ ውስጥ የሚበቅለው እንሰት አንድ ዓይነት አይደለም። ለቆጮ የሚሆነው፣ ለአሚቾ የሚሆነው፣ ለቃጫው የሚፈለገው፣ ለታመመ ሰው የሚሰጠው፣ ድርቅ የሚችለው እያንዳንዱ በስሙ ይታወቃል፤ ጎረቤት ለጎረቤትም ይሰጣጣል። በ1968 በሳይንሳዊ መጽሔት የተመዘገበው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ብዙ ጓሮ ቢያራቁትም እንሰትን ያላጠፋው በከፊል ይህ ልማድ ይመስለኛል። እነዚህ እናቶች ይገለብጣሉ፤ አንዱን ብቻ ግን አይገለብጡም።

የዓለም ቡና እንዲህ ያለ እናት አልነበረውም። ከእኛ ጫካ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ጃቫ የሄደው ዘር እየጠበበ ሄደ። በ1706 ከጃቫ አንድ ተክል አምስተርዳም ደረሰ፤ በ1714 የእሱ ልጅ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ፤ ከዚያም ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተሻገረ። የላቲን አሜሪካን ሰፋፊ ማሳዎች ለረጅም ጊዜ የሸፈነው በጣት ከሚቆጠሩ ዛፎች የወረደ ቤተሰብ ነው። የቅጠል ዋግ የተባለው የቡና በሽታ በ1869 ሲሎን ላይ በታየ ጊዜ የደሴቲቱ ቡና ጠፋ፤ ዛሬ ያችን አገር፣ ስሪላንካን፣ የምናውቃት በሻይ ነው። ዋጉ በ1970 ብራዚል ደረሰ፤ በ2012 ደግሞ የመካከለኛው አሜሪካን ማሳ አራቆተ። መካከለኛው አሜሪካ ለዚህ ያገኘው አንዱ መልስ በክሎኒንግ የሚባዙ ዲቃላዎች ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ሙንዶ ማያ የተባለው አንድ ወላጁ ከኢትዮጵያ የሄደ ቡና ነው። የመዳኛው መንገድ እንደገና ወደ እኛ ጫካ መለሳቸው።

ከበደሌ ወደ መቱ ሲወርዱ የሚገኘው የያዮ ጫካ ከእነዚያ ጫካዎች አንዱ ነው። በ2010 ከከፋ ጋር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ስፋቱ 167 ሺህ ሄክታር ይሆናል። ወደ ባሮ የሚወርደው የገባ ወንዝ ያቋርጠዋል። ከጥብቅ ሥፍራው ውስጥ 27 ሺህ 700 ሄክታር የሚያህለው ዋና ክልል የሚባለው ነው፤ እዚያ ቡና መልቀምም መመንጠርም አይፈቀድም። ዶ/ር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ በ2003 ለቦን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በዚህ ጫካ ላይ ነበር፤ ጫካው ጥበቃ እንዲያገኝ የደከሙትም እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ዋናው ክልል ውስጥ ያለው ቡና ለዓይን አይሞላም። ግንዱ ቀጭን ነው፤ ብርሃን ፍለጋ በቀረሮና በሰሳ ጥላ ሥር ወደ ላይ ተስቦ ይመዘዛል። ቅርንጫፉ ጥቂት፣ ፍሬው እዚህም እዚያም ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። የአንዱ ለጋ ቅጠል ነሐስ ይመስላል፣ የጎረቤቱ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። የአንዱ ፍሬ ረዘም ይላል፣ የሌላው ክብ ነው። የፍሬ በሽታው በዚህ ጫካም አለ፤ አንዱን ሲያጠቃ አጠገቡ ያለው ይተርፋል እንጂ ሁሉንም አይጠርግም። አንድ ነጋዴ መጥቶ ቢመዝነው ድካሙን የማይመልስ ምርት ነው። ቢሻሪ ላይ የቆመችው ዛፍ ግን ቁጥር ሳይሰጣት በፊት የምትኖረው ከእንዲህ ዓይነቶቹ ጋር ነበር።

የሚያሳስበኝ ግልባጮቹ ወደ እናታቸው ቤት መመለሳቸው ነው። ገበሬው በጫካ ውስጥ በሚንከባከበው ቡና መካከል የተመረጠውን ችግኝ እየተከለ ይሄዳል፤ አልፈርድበትም፣ ምርት ያስፈልገዋል። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን ቢያዳቅልም ንብ ጥቂቱን ብናኝ ታሻግራለች። በ2013 የታተመ የደቡብ ምዕራብ ጫካዎች የዘረመል ጥናት የተመረጡት ዝርያዎች ዘር ወደ ጫካው ቡና እየሰረገ የመግባቱን አደጋ አሳይቷል። ዛፉ አልተቆረጠም፣ ጥላው አልተነካም፣ ከላይ ያየ ሰው ጫካው አለ ይላል። ውስጡ ግን ቀስ በቀስ አንድ ዓይነት ይሆናል። አረቢካ በዱር ሳለ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዕፅዋት ተርታ ተመዝግቧል። የአየር ንብረት ለውጡም አለ፤ በ2017 የወጣ ጥናት አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለቡና ላይመች እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ያን ጊዜ የምንጠይቀው ጥያቄ የፍሬ በሽታን ስለመቋቋም ላይሆን ይችላል። ሙቀት ይሆናል፤ ወይም ዛፉን ከነሥሩ የሚያደርቀው የቡና አጠውልግ በሽታ፤ ወይም ገና ስም ያልወጣለት ነገር። 74110 ለእነዚህ አልተመረጠችም።

ሄይንና ጋትስቫይለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 የኢትዮጵያ ጫካ ቡና ዘረመል ለዓለም ስንት ያወጣል ብለው አስልተው ነበር። የነገን ጥቅም በዓመት 5 በመቶ እየቀነሱ ሲያሰሉት 1 ቢሊዮን 458 ሚሊዮን ዶላር ሆነላቸው፤ በ10 በመቶ ሲቀንሱት 420 ሚሊዮን። ጫካው ያው ነው፣ ዛፎቹም ያው ናቸው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ልዩነት የመጣው «ነገ የሚኖረው ሰው ዛሬ ካለው ምን ያህል ይነስ?» ለሚለው ጥያቄ ከተሰጠው መልስ ነው። ይህን ጥያቄ ኢኮኖሚስት ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። የልጅ ልጄ የሚጠጣው ቡና ከእኔ ስኒ ለምን በዓመት አሥር በመቶ ይርከስ? እኔ በበኩሌ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ክሎኒንግ በራሱ የልዩነት ጠላት አይደለም፤ ይህን መካድ ሐቀኝነት አይሆንም። አሜሪካኖች ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረውን ባለጥቁር እግር ፈረት የሚባል ትንሽ አውሬ ከጥቂት እንስሳት አራብተው ሁሉም የቅርብ ዘመድ ሆኖባቸው ነበር። በ1988 ከሞተች እንስሳ በበረዶ ያቆዩትን ሕዋስ ተጠቅመው በታኅሣሥ 2020 ግልባጯን አስወለዱ፤ ዓላማቸው የጠፋውን ልዩነት ወደ መንጋው መመለስ ነበር። ለቡናም እንዲህ ሊሆን ይችላል። የቡና ዘር እንደ ስንዴ ደርቆ በማቀዝቀዣ ለረጅም ዘመን አይቀመጥም፤ ለዚህ ነው ጎማ ወረዳ ጮጬ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ናሙናዎች በማሳ ተተክለው የሚጠበቁት። ከጫካ ሊጠፋ የደረሰን ዛፍ በቅጠሉ በኩል ማትረፍ ጠርሙስና ጨለማ ክፍል ሊሠራው የሚገባ ሥራ ነው። አንዱን ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ብዙዎቹን ለማቆየት የሚገለብጥ ላቦራቶሪ ቢሻሪንም ያዮንም ያከበረ ይሆናል።

በገጠር ዘር የተበደረ ሰው በመኸር ዘር ይመልሳል፤ ብር ልስጥህ ቢል እንኳ ጎረቤቱ ቅር ይለዋል፣ ምክንያቱም የከርሞው እርሻ በብር አይዘራም። እኛም ከጫካው የተበደርነው ዘር ነው፤ መመለስ ያለብን ጫካው ልዩ ልዩ ዛፍ መውለዱን እንዲቀጥል በማድረግ ነው። አበዳሪው ግን ጫካ ብቻ አይደለም። በዋናው ክልል ዳር የሚኖረው የያዮ፣ የሁሩሙ፣ የዶረኒ ገበሬ አጠገቡ ያለውን መሬት እንዳይነካ ተነግሮታል። ያልመነጠረው፣ ያልተከለው፣ ያልለቀመው ቡና ዋጋ አለው፤ የሚከፍለውም እሱ ነው። በዚያው አገር ከድንጋይ ከሰል ጋር የተያያዘ የማዳበሪያ ፋብሪካ ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ለዓመታት ሲቆም ያየ ሕዝብ፣ «ጫካህን ጠብቅ፣ ኋላ ትጠቀማለህ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ቢሰማ አይፈረድበትም።

በውጭ ላሉት ያለን ቅሬታ ግልጽ ነው። በ1964 እና 1965 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ቡድን ከኢትዮጵያ የሰበሰበው ቡና ኮስታሪካ ተተክሎ፣ ከዚያ ብራዚል ደርሶ፣ በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከእሱ መካከል በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ያህል የሆነ ቡና ማግኘታቸውን ባስታወቁ ጊዜ፣ እዚህ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። ሳይንቲስቱ ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ዕድሜያቸውን የሰጡለት ጉዳይም ይኸው ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ለማኅበረሰቦች የጄኔቲክ ሀብታቸው ከሚያስገኘው ጥቅም ድርሻ እንዲደርሳቸው ይደነግጋል። ብራዚልን የጠየቅነውን ጥያቄ ግን ራሳችንን ስንጠይቅ አልሰማሁም። የቢሻሪ ዘር ጉጂን ሲያለማ፣ ሲዳማን ሲያለማ፣ ላኪውን ሲያበለጽግ፣ እንዲህ ያለ ዛፍ የሚወለድበትን ጫካ ላልቆረጠው ጎረቤት ምን ደረሰው? ቁጥሩ ዓመቱንና ተራውን ይናገራል፤ ስለ እሱ የሚለው የለም።

መልሱ ትልቅ ድርጅት መጠበቅ ያለበት አይመስለኝም። በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር የቡና ችግኝ ይፈላል። ነገ ደግሞ ዲቃላው ከቅጠል እየተባዛ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱም ዋጋ ይወጣለታል። በዚያ ሂሳብ ላይ የፕላስቲክ ከረጢቱ፣ የአፈሩ፣ የውሃውና የጉልበቱ ዋጋ ተጽፏል። ከእነዚህ ሥር አንድ መስመር ይጨመር፤ ዋናውን ክልል ለሚጠብቁት ቀበሌዎች የሚሄድ፣ በየዓመቱ የሚከፈል፣ ማን ስንት እንደተቀበለ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ የሚነበብ።